ሦስተኛው ሙከራ እስኪያልቅ

የሥራ ባልደረቦቿ «ሞግዚቷ» ይሏታል። ቅጽል ስሙ የወጣላት በቀልድ ቢሆንም ከእውነት የራቀ አይደለም። በምርምር ተቋሙ ሁለተኛ ፎቅ፣ በጠባቧ ላቦራቶሪ ውስጥ የጉበት ካንሰር ሴሎችን የምታሳድገው እሷ ናት። ሴሎቹ ሙቀቱ በሰው ገላ ልክ በሆነ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በጠፍጣፋ ጠርሙሶች ይኖራሉ፤ በየሁለት ቀኑ ሮዝ ፈሳሽ ይመገባሉ። በዓል አያውቁም፣ እሑድ አያውቁም። እሷም ከእነሱ ጋር በዓልና እሑድ መቁጠር ከተወች አራተኛ ዓመቷ ነው።

«ለጠላት እንዲህ የሚንሰፈሰፍ ሰው አይቼ አላውቅም» ይሏታል አለቃዋ። ጠጉራቸው የሸበተ፣ ንግግር የማያበዙ ተመራማሪ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ዶክተሯ ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን የፈጁት በአንድ ጥያቄ ነው። ሰዎች ለጉበት ሕመም ከሚጠጧቸው ዕፅዋት ውስጥ የካንሰሩን ሴል ገድሎ ጤነኛውን የሚተው ንጥረ ነገር ይገኝ ይሆን?

ወጣቱን መሬት ቀያሽ ያገኘችው በተቋሙ በር ላይ ነው። ጥበቃው አላስገባም ብሎት ቆሟል። በአንድ እጁ ባለሦስት እግሩን የመለኪያ መሣሪያ፣ በሌላው በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዟል። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው።

«የዕፅዋት ተመራማሪዋን ፈልጌ ነበር» አላት። «እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ሞግዚት ነኝ» አለችው፤ ከአፏ አመለጣት።

ጥበቃው ሳቀ። ቀያሹ ግን በቁም ነገር አያትና «ታዲያ ሕፃናቱ የት ናቸው?» አላት።

«ፎቅ ላይ። አንቱታው ደግሞ ይቅርብኝ፣ ገና አላረጀሁም። ምንድነው የያዝከው?»

«ሥር ነው።»

«የምን ሥር?»

«እሱን ብነግርሽ አባቴ ከቤት ያባርረኛል።»

ዶክተሯ ቢሮ ገብቶ ጨርቁን ሲፈታ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አባቱ መድኃኒት ዐዋቂ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ጉበቱን የታመመ ሰው ሁሉ በራቸውን ሲያንኳኳ ኖሯል፤ የሚሰጡትም ይህንኑ ሥር ነው። አሁን የታመሙት እሳቸው ናቸው። ሐኪም ቤት በጉበታቸው አንድ ጎን ላይ እብጠት ተገኝቷል። ትንሽ ነው፣ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል፤ ቀዶ ሐኪሙ ግን ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ቃል አልገባም ብሏል።

«አባቴ ደግሞ በዚህ ሥር የሰው ጉበት ሳክም ኖሬ የራሴን ለቢላ አልሰጥም አለ» አለ ቀያሹ። «ለምኜ ለምኜ አንድ ነገር ላይ ተስማማን። እዚህ ያሉትን ሴሎች ሥሩ ካልገደላቸው ይቆረጣል። ቀጠሮውም ተይዟል። ከገደላቸው ግን ማንም እንዳይነካኝ ብሏል።»

«ሳህን ላይ መግደልና ሰው ውስጥ መግደል ለየቅል ነው፣ ልጄ» አሉ ዶክተሯ። «ሳህን ላይ እኮ በረኪናም ይገድላል።»

«ለእሱ ይንገሩልኝ።»

ዶክተሯ ሥሩን አገላብጠው አዩት። ለምርምራቸውም የሚሆን ነገር ነው። «እንሞክረዋለን። ግን ሦስት ጊዜ ሳይደገም ውጤት ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

«እኔም ሦስቴ ሳልለካ ችካል አልተክልም» አለ ቀያሹ። ሞግዚቷ ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ከዚያ በላይ የሆነ ነገር አልነበረም፤ ሁለቱም ግን ዐይናቸውን ለማንሳት ትንሽ ዘገዩ።

ዶክተሯ በማግስቱ ለስብሰባ ወደ ውጭ አገር ሄዱ። ሞግዚቷ ሥሩን አድርቃ ፈጨችው፤ በአልኮል ዘፈዘፈችው፤ አልኮሉ ከተነነ በኋላ የቀረውን ጥቁር ሙጫ በትንሹም በብዙውም መጠን በጠበጠችው። ከዚያ ትናንሽ ጉድጓዶች ባሏቸው ሁለት ትሪዎች ላይ ሴሎቹን አሰፈረች። አንደኛው ትሪ የሥሩን ብጥብጥ ያገኛል፤ ሁለተኛው ለማነጻጸሪያ ምንም አይጨመርበትም።

ቀያሹ በየቀኑ ሰበብ አያጣም። አንድ ቀን ጥቂት ሥር ጨምሮ ያመጣል፤ ሌላ ቀን በዚያ በኩል ያለ መሬት ይለካል፤ ሌላ ቀን ጃንጥላ ረስቶ ነው። ጃንጥላ ይዞ አይታው አታውቅም። ደግሞ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ካላየችው ቅር እንደሚላት ስታስተውል ራሷን ታዘበች።

በአራተኛው ቀን የትሪዎቹን ፈሳሽ የምትቀይርበት ሰዓት ነበር። አየር በሚነፍሰው የመስታወት ሣጥን ፊት ተቀምጣ የማነጻጸሪያውን ትሪ ጨርሳ ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰችው። የሥሩን ትሪ አሮጌ ፈሳሽ መጥጣ አወጣች። አዲሱን ልትጨምር ስትል በሩ ተንኳኳ።

«አንድ ደቂቃ» ብላ ወጣች።

«አባዬ ዛሬ ሳቀ» አላት። «ከታመመ ጀምሮ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ለማን ልንገር ብዬ ሳስብ እግሬ እዚህ አመጣኝ።»

ሌላም ነገር ነገራት። እናቱ የሞተችው እሱ አፉን ሳይፈታ ነው። አባቱ ሥር ሊቆፍሩ ሲወጡ አዝለውት ይሄዱ ነበር፤ ከፍ ሲል ደግሞ እንዳይጠፋ እርምጃ መቁጠር አስተማሩት። ቀያሽ የሆነውም ከዚያ ቆጠራ ተነሥቶ ነው። «በዓለም ላይ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው» አለና የተናገረው ያሳፈረው ይመስል ወሬ ቀየረ። «አንቺ ግን ምሳ ትበያለሽ ወይስ ሮዙን ፈሳሽ ነው የምትጠጪው?»

ሳቀች። ወሬው ጣማቸው። ሲሄድ እስከ ደረጃው ሸኘችው፤ ስትመለስ ፈገግታዋ ከፊቷ አልወረደም። ትሪውን ሞልታ ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰች፤ እንደ ልማዷም ሰዓቱን በማስታወሻ ደብተሯ ጻፈች።

በማግስቱ ቀለሙን ጨመረች። ቀለሙ ሲገባ ቢጫ ነው፤ ሴሉ በሕይወት ካለ ወደ ወይን ጠጅ ይቀይረዋል፤ ከሞተ ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። ጥቂት ሰዓት ጠብቃ ትሪዎቹን አወጣች። ማነጻጸሪያው ወይን ጠጅ ነው። የሥሩ ትሪ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነበር።

በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ዶክተሯ የሉም። ስልኳን አነሳችና ቀያሹ ጋ ደወለች።

እዚህ ላይ ልከላከልላት አልፈልግም። ደንቡን ታውቃለች። ገና ሁለት ጊዜ መደገም እንዳለበትም ነግራዋለች፤ የነገረችው ግን መጨረሻ ላይ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። እሱ የሰማው የመጀመሪያውን ነው።

«ሞቱ?»

«ሁሉም።»

አፍንጫውን ሲስብ ተሰማት፤ አንጀቷን በላው።

አባትየው የቀዶ ሕክምና ቀጠሯቸውን በማግስቱ ሰረዙ።

ዶክተሯ ከጉዟቸው ሲመለሱ ሻንጣቸውን ቤት ሳያደርሱ ወደ ላቦራቶሪው ገቡ። የትሪውን ፎቶ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ትንሹም መጠን፣ ትልቁም መጠን እኩል ገደለ?»

«አዎ።»

«መድኃኒት እንዲህ አይሠራም። ሲበዛ ይበዛል፣ ሲያንስ ያንሳል። ድገሚው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ለሰው አልነገርሽም አይደል?»

ሞግዚቷ ዝም አለች። ዶክተሯ ዝምታዋን «አልነገርኩም» ብለው ወሰዱት።

ጥርጣሬው የገባት ያኔውኑ ነው። ሁለቱ ድግግሞሽ አሥራ አንድ ቀን ፈጁ፤ እነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ደግሞ በሕይወቷ ያላየቻቸው ዓይነት ነበሩ። ከሥራ ስትወጣ ቀያሹ በር ላይ ይጠብቃታል። አብረው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ይሄዳሉ፤ አውቶቡሱ ሲመጣ «የሚቀጥለው ይሻላል» ይላታል፤ የሚቀጥለውም ሲመጣ ያንኑ ይላል። እሱ የተከላቸውን ችካሎች ያሳያታል፤ እዚህ መንገድ ይወጣል፣ እዚህ ድልድይ። አንድ ቀን እጇን ያዘና አልለቀቀም። «አባዬ አንቺን ማየት ይፈልጋል» አላት። «ለልጄ አባቱን ከሞት ያወጣችለት የቷ ናት ይላል። ለእኔ ሳይሆን ለራሱ እኮ ነው የወጣው፤ እሱ ግን እንደዚያ ነው የሚለው።»

በዚያች ሰዓት መናገር ትችል ነበር። አፏ ድረስ መጣ። ገና ሦስተኛው ሙከራ አላለቀም፣ ምናልባት ሥሩ ይሠራ ይሆናል፣ ለምን በከንቱ ላስደንግጠው ብላ ራሷን አታለለች። እውነቱ ሌላ ነው። ደስታው እንዳይበርድባት ፈራች።

ሦስተኛው ሙከራ ሲያልቅ የሥሩ ትሪ እንደ ማነጻጸሪያው ወይን ጠጅ ሆኖ ወጣ። ከሁሉም ከፍተኛው መጠን ብቻ ጥቂት ሴል ቀንሷል፤ ያ መጠን ደግሞ ጤነኛውንም የጉበት ሴል የሚጎዳ ነበር። ሁለተኛውም ሙከራ የተናገረው ይህንኑ ነው።

ማስታወሻ ደብተሯን ወደ ኋላ ገለጠች። በራሷ እጅ ተጽፏል። ፈሳሹ የወጣው ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር። አዲሱ የገባው ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት። ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሴሎቹ ነፋስ በሚነፍስበት ሣጥን ውስጥ ራቁታቸውን ቆይተዋል። ሥሩ አልገደላቸውም። ደርቀው ነው የሞቱት። እሷ በዚያች ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ አንድ ሰው ስለ እናቱ ሲነግራት እየሰማች ነበር። ደብተሩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ከዚያ ኮቷን አውልቃ ወደ እነ ቀያሹ ቤት ሄደች።

ሽማግሌው በመስኮቱ ሥር አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ግድግዳው ሙሉ ትናንሽ መሳቢያ ነው፤ ክፍሉ የደረቀ ቅጠልና የአፈር ሽታ አለው። አጠገባቸው ያለው ብርጭቆ ውስጥ የሥሩ ጥቁር ውሃ በግማሹ ተጠጥቷል። ቀያሹ ፊቱ በርቶ ወንበር አቀረበላት። አልተቀመጠችም።

«አባባ፣ ተሳስቻለሁ» አለች። «ሥሩ ሴሎቹን አይገድልም። ሁለቴ ደግሜ አየሁት።»

ሽማግሌው ዐይናቸውን አጠበቡ። «መጀመሪያ ሲሞቱ አላየሽም?»

«አይቻለሁ። የሞቱት ግን ደርቀው ነው። ፈሳሻቸውን አውጥቼ ሳልመልስላቸው ረስቻቸው ነው።»

«ምን አስረሳሽ?»

«በር ላይ ሰው መጥቶብኝ ነበር።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ቀያሹ አንገቱን ደፍቷል። ቀኑን አስታውሶታል።

«መቼ ነው የጠረጠርሽው?» አላት ቀና ሳይል።

«ዶክተሯ የተመለሱ ቀን።»

«እሱ እኮ አሥራ አንድ ቀን ሆነው።»

«አዎ።»

«አሥራ አንዱንም ቀን ከእኔ ጋር ነበርሽ። እሱ ይህን እየጠጣ፣ አንቺ እጄን ይዘሽ ትስቂ ነበር።»

ቀያሹ ወጣና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። በኃይል ቢዘጋው ኖሮ ይቀላት ነበር።

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞረው «ማን ላከሽ?» አሏት።

«ማንም።»

«በስልክ መናገር ትችይ ነበር።»

«እችል ነበር።»

«እኔ በአርባ ዓመት ውስጥ ተሳስቻለሁ ብዬ የማንንም በር አንኳኩቼ አላውቅም» አሉ። «አልተሳሳትኩም ማለት አይምሰልሽ።» ብርጭቆውን በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት። «የቀዶ ሐኪሙ ቁጥር ከላይኛው መሳቢያ ውስጥ አለ። ደውይልኝ።»

ቀዶ ሐኪሙ የሽማግሌውን ሆድ ከፈተና መልሶ ዘጋው። ካንሰሩ ተሰራጭቷል። በተሰረዘው ቀጠሮ ቀን ቢሆን ኖሮ ይደረስበት ነበር ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፣ ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም አለ። ሞግዚቷ ጥፋተኛ ነሽ ብትባል ይሻላት ነበር። የማይታወቅ ነገር ቀንም አያስቀምጥ፣ ሌትም አያስተኛ።

ለዶክተሯ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ከሥራ የሚያባርሯት መስሏት ነበር። «ቅጣቱን እኔ አልጨምርልሽም፣ አግኝተሽዋል» አሏት። «ሪፖርቱን ግን ራስሽ ትጽፊዋለሽ። ሃያ አምስቱም ደቂቃ ይግባበት።» ጻፈችው። ከዚያ ወደ ጠርሙሶቿ ተመለሰች፤ ከሥራ ስትወጣ በሩ ላይ የሚጠብቃት ሰው የለም፤ የመጀመሪያው አውቶቡስ ሲመጣ ትሳፈራለች።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአምስተኛው ሳምንት ስልኳ ጮኸ።

«አባቴ ይፈልግሻል» አላት ቀያሹ። ድምፁ ደረቅ ነው። «ወረቀት ይዛ ትምጣ ብሏል።»

ሽማግሌው ገርጥተው፣ የዐይናቸው ነጭ ቢጫ ሆኖ አገኘቻቸው። ለሰላምታም ጊዜ አልሰጧት። «እኔ ጋ ያለው ሁሉ ከእኔ ጋር እንዳይቀበር እፈልጋለሁ። ጻፊ።» የዕፅዋቱን ዓይነት፣ የሚበቅሉበትን ቦታ፣ መጠናቸውን ነገሯት። ገጹ ሲሞላ ግን ሌላ ነገር ጀመሩ።

«አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ሆዷ ነፍቶ መጣች። ሥሩን ሰጠኋት። በሦስተኛው ወር ሞተች። ባሏን ዘግይታችሁ ነው አልኩት። አልዘገዩም ነበር።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ይህንንም ጻፊው። የዳነውን ሰው አገር ያወራለታል፤ ያልዳነውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለዶክተሯ ስጫት። እሷ ሥሬን ስትመረምር ይህን ማወቅ አለባት።»

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መምጣት ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ፣ ሾፌሩ፣ መንታዎቹ ወንድማማቾች፣ ሁሉም በየተራቸው ወረቀት ላይ ሰፈሩ። ቀያሹ መጀመሪያ ሰሞን እሷ ስትገባ ይወጣ ነበር። ቀጥሎ በሩ ላይ ቆሞ ማዳመጥ ጀመረ። አንድ ቀን ወንበር ሳበና ከአልጋው ማዶ ተቀመጠ። አላናገራትም፤ ሻይ ግን ለሦስት ሰው ነበር የቀዳው። እሷም አቀርቅራ ጠጣችው፤ ዐይኗ እንባ እንዳቀረረ እንዳያይባት።

አንድ ሐሙስ ሽማግሌው ድምፃቸው እየተቆራረጠ «ዛሬ አንድ ብቻ ነው» አሉ። «ጻፊ። በሽተኛው ወንድ ነው። ዕድሜው ሰባ አንድ። ሥሩን አምስት ሳምንት ጠጣ። አልረዳውም።»

«በሽተኛው» የሚለውን ጻፈችና እጇ ቆመ።

ቀያሹ ተነሥቶ በአልጋው ዞረ። ብዕሩን ከጣቶቿ መሃል ቀስ ብሎ ወሰደና ጎንበስ ብሎ የቀረውን ጻፈው። ጽሑፉ እንደ ካርታ ላይ ጽሑፍ ቀጥ ያለ ነበር።

«ቀኑንም ጻፍበት» አሉ አባቱ።

«ጽፌዋለሁ፣ አባዬ።»

ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፈኑ። እንቅልፍ ሲወስዳቸው ሁለቱ ወደ በረንዳው ወጡ። ቀያሹ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። የደም ምርመራ ውጤት ነው።

«ሐኪሞቹን ስንት ጊዜ ቀረው ብዬ ስጠይቃቸው እግዚአብሔር ያውቃል ይሉኛል» አላት። «ዘመድ ሁሉ ይድናል ይለኛል። አንቺ ንገሪኝ።»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

«ዐውቃለሁ። ተናድጄብሻለሁ፤ ዛሬም ጨርሶ አልወጣልኝም። ግን በእነዚህ ሳምንታት አንድ ነገር ሲነግሩኝ፣ ይህን እሷ ብትለኝ አምን ነበር እያልኩ ነው የከረምኩት። ሌላ ሰው የለኝም።»

ወረቀቱን አነበበች። ጉበት እንዴት እንደሚደክም ታውቃለች፤ ቁጥሮቹም የሚያሳስቱ አልነበሩም። «ጥቂት ወራት» ብትለው ለዛሬ ያርፍ ነበር።

«ሦስት ሳምንት ይመስለኛል» አለችው። «ቢበዛ አራት።»

ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው። ከዚያ ግንባሩን ትከሻዋ ላይ አሳረፈና አባቱ ከታመሙ ጀምሮ ያልወጣለትን ለቅሶ አለቀሰ። አቀፈችው። «አይዞህ» አላለችውም። እወድሃለሁ አለችው፤ እሱም ሰማት።

ሽማግሌው ያረፉት በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። አንዱን እጃቸውን ልጃቸው፣ አንዱን እጃቸውን ምራቴ ይሏት የነበረችው ሞግዚቷ ይዘውላቸው ነበር።